እስከ ፋሲካ ያልወለቀው የበረዶ ጎማ

መኪና መንዳት ካቆምኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መንጃ ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ከመታወቂያነት ያለፈ ሥራ ግን አልነበረውም። ባለቤቴ በቀለ «ያንቺ መንጃ ፈቃድ ካንቺ ቀድሞ ጡረታ ወጣ» እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና ሳቄ ከአንገት በላይ ነበር።

ስሜ ጽጌ ነው። ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር እንኖራለን። ረቡዕና ቅዳሜ ፕላንፓሌ ሜዳ ላይ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወንበር፣ መስታወት፣ የመዳብ ዕቃ፣ ብቻ ሰው የጣለውንና እኔ ወልውዬ ያነሳሁትን ሁሉ እንሸጣለን። ለዚሁ ሥራ ብሎ በቀለ ባለፈው ዓመት በኤሌክትሪክ የሚሄድ ፒክአፕ ገዛ። አዲስ አበባ እያለ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለነበረ የሞተር ድምፅ የሌለው መኪና መጀመሪያ ላይ አላስደሰተውም። «ሞቶ ነው ወይስ ተነስቷል?» እያለ ጆሮውን ያቆም ነበር።

መንዳት ያቆምኩበትን ምክንያት ሳልነግራችሁ የቀረው ታሪክ አይገባችሁም። ጄኔቭ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጓደኛዬ አልማዝ ሥራ ስለሚደራረብባት የስድስት ዓመት ልጇን ሕሊናን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። አዲስ አበባ ውስጥ በጭቃውም በጎርፉም ስድስት ዓመት የነዳሁ ሴት ነኝና አልፈራሁም። የበረዶ ጎማ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም፤ ለእኔ ጎማ ማለት ጎማ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ አልቆመችም። ዝም ብላ፣ ቀስ ብላ ዞረችና ከአንድ አጥር ጋር ተጋጨች። ሕሊና ምንም አልሆነችም፤ ጩኸቷ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ። አልማዝ እንኳን ልትቆጣኝ እኔን ስታጽናና አመሸች። እኔ ግን በማግስቱ ቁልፉን ለበቀለ አስረከብኩት። ሕሊናም ካደገች በኋላ ሁሉ «እትዬ ጽጌ የምትነዳ ከሆነ እኔ በእግሬ» ማለት ልማዷ ሆነ። በቀልድ ነው የምትለው። ቀልዱ ግን እኔ ላይ ሲደርስ ቀልድ አልነበረም።

አልማዝ ከአራት ዓመት በፊት አረፈች። ሆስፒታል ተኝታ እጄን ይዛ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሕሊና የወለደች ጊዜ በእኔ ቦታ ቁሚልኝ።» እሺ አልኳት። ሕሊና አግብታ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ነው የምትኖረው፤ ሥራዋም እዚያው ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ሴት ልጅ ወለደች። የክርስትና እናት እኔ ነኝ። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነውና ቆጠርን፤ ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን ካለፈ ሰሙነ ሕማማት ይገባል፣ በሕማማት ክርስትና የለም። ቀኑን ገፋ አድርጎ ማሰብ አይቻልም ነበር።

አሁን ወደ ጎማው ልመለስ።

ጥቅምት ላይ በቀለ «የበረዶ ጎማውን እኔው እቀይረዋለሁ» ብሎ ተነሳ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የማልቀመስ ሴት ነኝ። ከዚያ አደጋ በኋላ ራሴ ባልነዳም ጥቅምት በገባ ቁጥር ሰውዬውን መቆሚያ መቀመጫ ነው የማሳጣው። ጋራዥ ይሂድልኝ አልኩና አብሬው ሄድኩ። የጋራዡ ባለቤት አንዲት ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ሻሿን ከኮፍያዋ ሥር ጠቅልላ ያሰረች ወጣት ጠራ። በቀለ በአማርኛ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ይህቺ ናት እንዴ የምትቀይረው? የጎማው ክብደት እኮ ከእሷ ይበልጣል» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ጎማውን ደግሞ ማሽን ነው የሚያነሳው» አለች ልጅቷ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

በቀለ መግቢያ ቀዳዳ ጠፋው። ሰሚራ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት አፕራንቲሳዥ ላይ ናት፤ ማለት ትማራለችም ትሠራለችም። አንዱን ጎማ አንከባልላ አመጣችና ጎኑን አሳየችን።

«ይኼ መኪና ባትሪው ለብቻው የአንዲት ትንሽ መኪና ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የተገኘው የበረዶ ጎማ ሁሉ አይሆነውም፤ ክብደቱን የሚችል የራሱ አለው። ይህን ምልክት ያዩታል እትዬ? ተራራ ነው፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት አለ። ይኼ የሌለው ጎማ የበረዶ ጎማ ነው ቢሉዎት እሺ አይበሉ።»

በጣቴ ዳሰስኩት። ላስቲኩ ለስለስ ያለ ነው፣ ጥርሱ ላይ ደግሞ እንደ ምላጭ ቀጫጭን የሆነ ብዙ ስንጥቅ አለው። በረዶውን የሚነክሰው በዚያ ነው አለችኝ።

ይህን ስናይ በቀለ ከቤት ያመጣውን የድሮ ክሪኩን ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ልክ መሐል ላይ ደቅኖ መጫን ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ይተዉ! ይተዉ! ከሥሩ ባትሪ እኮ ነው!» ብላ ዘላ እጁን ያዘችው።

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየት ሳነሳ ነው የኖርኩት?»

«እሱ ሌላ መኪና ነው። ይኼ የሚነሳው በአራቱ ማዕዘን በእነዚህ ቦታዎች ብቻ ነው። መሐሉን ቢወጉት አበቃ።»

በቀለ ክሪኩን ጎትቶ አወጣና ቀና ሳይል ጥግ ሄዶ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ብሎኖቹ ሲታሰሩ ደግሞ ተመልሶ መጣ። «መፍቻው ላይ ልቁምበትና ላጥብቀው?» አላት። እሷም እየሳቀች፣ መፍቻው ልኩ ሲደርስ ራሱ ቀጭ እንደሚል፣ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ብሎኑን እንደሚጎዳ አስረዳችው። አራቱም ጎማ ሲያልቅ የበጋውን ጎማ እዚያው ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡልን። እዚህ አገር የጎማ ሆቴል ይሉታል። ሰው አልጋ ባጣበት ከተማ ጎማ ሆቴል ይዞ ይተኛል።

«እስከ መቼ ነው የማይወልቀው?» አልኳት።

«ከኦክቶብር እስከ ፋሲካ ነው የሚባለው» አለችኝ።

እኔ ቤት ገብቼ ኩሽና ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ላይ ፋሲካን ፈልጌ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ «ትንሣኤ። ጎማ ይወልቅ።»

የቀረውን ገምታችኋል መሰለኝ። ሁዳዴ ተጋምሶ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ሰቅሎ ባለበት ሰሚራ ደወለች።

«እትዬ፣ ፋሲካ አልፏል እኮ። ጎማውን መቼ ላውልቅላችሁ?»

«የት ነው ያለፈው? ገና ጾም ላይ አይደለንም እንዴ!»

በሳቅ ፈረሰች። «እትዬ፣ እነሱ እስከ ፋሲካ የሚሉት የራሳቸውን ፋሲካ ነው! የእናንተ እኮ ዘንድሮ አምስት ሳምንት ይዘገያል።»

ስህተቴ ያኔ ነው የበራልኝ። ሃያ አራት ዓመት በኖርኩበት አገር የሰዎቹ በዓል ማለፉን ረስቼ ጎማ ከራሴ ቀን መቁጠሪያ ጋር አስሬያለሁ። አመንኩ? በጭራሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እኔ የማውቀው ፋሲካ አንድ ነው፣ እሱ እስኪደርስ አይወልቅም» አልኳት። በቀለ አበደ። «ጎማው በሙቀት ያልቃል! ደረቅ መንገድ ላይ እንደ ንብ እየጮኸ ሰው ሳቀብን!» እያለ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነዘነዘኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። እልህ ብቻ አልነበረም። ያንን የተራራ ምልክት ጎማው ላይ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የክርስትናው ዋዜማ፣ ሐሙስ፣ በቀለ ከአንድ ቤት የተገዛ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ፒክአፑ ላይ ሲጭን ወገቡ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጭነነዋል፤ ማውረድ ግን የማይታሰብ ሆነ። ሐኪሙ መርፌ ወግቶ «መንዳት አይቻልም» አለ። አልተጨነቅንም። ቄሳችን፣ አባ የምንላቸው፣ ለዚሁ ክርስትና በባቡር የሚሄዱ ስለነበሩ አብረናቸው ለመሄድ ተስማማን። የከፋኝ ለሕፃኗ ያዘጋጀሁት ስጦታ ነው። ፕላንፓሌ ከወዳደቀ ዕቃ መካከል ያገኘሁት፣ ሕፃን ለማጥለቅ የሚበቃ ትልቅ የመዳብ ሳፋ ነው። ለክርስትናዋ ብዬ በሎሚና በጨው ስወለውለው ነው ሁለት ወር የከረምኩት። በባቡር የሚጫን አይደለም።

ዓርብ ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ ሰርቬት ነጭ ሆናለች። አበባ ያወጡት ዛፎች በረዶ ተሸክመው ጎንበስ ብለዋል። ሚያዝያ ነው እኮ! የባቡር ጣቢያው ቅርባችን ስለሆነ ሮጬ ሄድኩ። ቅጠል ያበቀሉ ዛፎች በረዶው ከብዷቸው ሐዲድ ላይ ወድቀዋል፤ ወደ ሎዛን የሚሄድ ባቡር የለም፣ መቼ እንደሚጀምርም አይታወቅም። አባ ከነሻንጣቸው ጣቢያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ነገሩን እንድትረዱት ልንገራችሁ። ሕፃን ተጠምቆ ሳይቆርብ አይሄድም፤ ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ካህን አይቀደስም። ዙሪክ ያሉት ቄስ ብቻቸውን ናቸው፣ ሁለተኛው ካህን አባ ናቸው። አዳራሹን የሰጧቸው ለዚያ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካልተጀመረ ጊዜው አይበቃም። የእኔ ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት ይላል።

ለሕሊና ደወልኩላት። ጄኔቭ ያደገች ልጅ ናትና አማርኛዋ ከፈረንሳይኛ ጋር እጅ ለእጅ ነው የሚሄደው።

«እትዬ፣ ሰማሁ፣ ባቡር የለም። ሴ ፓ ግራቭ። ችግር የለም፣ እ… ሌላ ቀን እናደርጋለን።»

ሌላ ቀን እንደሌለ እሷም ታውቃለች። «ችግር የለም» ያለችበት ድምፅ በስድስት ዓመቷ ከተጋጨችው መኪና ሳወጣት «ደህና ነኝ» ያለችኝ ድምፅ ነበር። አልማዝ ትዝ አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት።

«በምን?»

«ዝም ብለሽ ውሃውን አሙቂ።»

ስልኩን ዘጋሁና ሰሚራን ቀሰቀስኳት። ሰሚራ በእልኸኛዋ እትዬዋ ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም።

«እትዬ፣ ጎማው አልወለቀም አይደል? አልሐምዱሊላህ! ዛሬ እዚህ ከተማ የበረዶ ጎማ ያለው እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ይስሙኝ። መሪው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ የበረዶ ምልክት ያለበትን ይንኩ፣ መኪናው ረጋ ይላል። ፍሬን በድንገት አይርገጡ። እግርዎን ከቀኙ ፔዳል ቀስ አድርገው ሲያነሱ ራሱ ይይዛል። ከፊት ካለው መኪና ይራቁ። ከኋላ ምን ተጭኗል?»

«እብነ በረድ ጠረጴዛ። በቀለ ወገቡ ተይዞ ማውረድ አልቻልንም።»

«እንዳይወርድ! ከኋላ ክብደት ያስፈልግዎታል። በደንብ ይታሰር ብቻ።»

የበቀለን ወገብ የሰበረው ጠረጴዛ ጠቃሚ ሆነ ማለት ነው። ሳፋውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከጎኑ አሰርኩት። በቀለ «ቤት ብቀር በሐሳብ እሞታለሁ» ብሎ ከኋላ ወንበር በትራስ ተደግፎ ቀበቶውን አሰረ። አባ ከፊት ገቡ። እኔ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ወንበሩን ወደ ፊት፣ መስታወቱን ወደ ታች አደረግሁ።

«ወለተ ጊዮርጊስ» አሉኝ አባ በክርስትና ስሜ። «ስንት ጊዜ ነው ይህን መንገድ የነዳሽው?»

«አንድም ጊዜ አልነዳሁትም አባቴ።»

አባ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ያዙ። «እንግዲያው ሁላችንም አዲስ ነን፤ በይ ሂጂ» አሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። የሚታወሰኝ መሪውን አንቄ መያዜና በቀለ ከኋላ ሆኖ «ቀኝሽን! ግራሽን! ያው መብራት!» ማለቱ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣን በኋላ አባ ዞር ብለው «አቶ በቀለ፣ ከእኛ ጋር ውዳሴ ማርያም ቢደግሙ አይሻልም?» አሉት። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለልን።

ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይሰማኝ ጀመር። መኪናው መሬቱን ይዞታል። እግሬን ሳነሳ ረጋ ብሎ ይቀንሳል፣ ስሰጠው ሳይንሸራተት ይሄዳል። ያ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከሥሬ የጠፋብኝ መሬት አሁን ከሥሬ አለ። ትከሻዬ ከጆሮዬ ወረደ።

ሎዛንን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ መኪና ሁሉ ቆሟል። ግማሹ ከመንገድ ወጥቷል፣ ግማሹ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፣ አንድ በጣም የሚያምር ውድ መኪና አፍንጫውን ወደ መጣበት አዙሮ ተኝቷል። ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው እያንዳንዱን መኪና ጎንበስ እያሉ ያያሉ፤ የበጋ ጎማ ያለውን ወደ ጎን ያወጣሉ። ተራችን እስኪደርስ ሃምሳ ደቂቃ ቆመን ስንጠብቅ ሰዓቱን ሃምሳ ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም። አራት ሰዓት አለፈ። አንድ ወጣት ፖሊስ መጣና የፊቱን ጎማ አየ። ወደ ኋላ ሄዶ የኋላውን አየ። ተመልሶ መጣና መስኮቴን አንኳኳ።

«ማዳም፣ ሰው ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ጎማውን ቀይሯል። እርስዎ ለምን አልቀየሩም?» አለ በፈረንሳይኛ።

«የእኛ ፋሲካ ገና ነዋ፤ ከሳምንት በኋላ ነው» አልኩት።

አባን አየ፣ ጥምጣማቸውን አየ፣ መስቀላቸውን አየ። ከኋላ በትራስ ተከቦ የተጋደመውን በቀለን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «እንግዲያው ለሚቀጥለው ዓመት እኔም የእናንተን ፋሲካ ነው የምጠብቀው» ብሎ መንገዱን ከፈተልን።

አባ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ስተረጉምላቸው እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ነበር የሚጠርጉት። በቀለም ሳቀ፣ ሲስቅ ደግሞ ወገቡን አመመውና «ኡ! አታስቁኝ!» እያለ ይጮኻል። ባዶው መንገድ ላይ ብቻችንን ነበር የምንሄደው። ከኋላችን የቆሙት መኪኖች እያነሱ ሄዱ።

ያ ደስታ ብዙ አልቆየም። ብርዱና ጭነቱ ባትሪውን እየበሉት ነበር። ከቤት ሞልቶ የወጣው ባትሪ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሃያ ስድስት በመቶ አሳየ። ከበርን ከተማ ወዲህ ካለ ማረፊያ ገብተን ቻርጅ ሰካነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይላል። ቁርባን አለና እኔም አባም አፋችን ላይ ውሃ እንኳ አላደረግንም፤ አንዲት የማረፊያው ሠራተኛ አዝናልን ትኩስ ሾርባ ብታመጣልን አመስግነን ተውነው። በቀለ «ሕመምተኛ ነኝ» ብሎ የእኔንም የአባንም ሾርባ ጠጣ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆነ። ለሕሊና መደወል ፈለግሁና ተውኩት። ማን እንደሚነዳ ብትጠይቀኝ መዋሸት አልችልም፤ እውነቱን ብነግራት ደግሞ እስክደርስ ልቧ አይቀመጥም።

ከበርን በኋላ ነው የፈራሁት ነገር የመጣው። ረጅም ቁልቁለት ነው። ከፊቴ ያለ አንድ ቫን በድንገት ፍሬን ያዘና ጭራውን እያወዛወዘ ተሻገረብኝ። ከኋላ በቀለ ጮኸ። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ያው የድሮው እግር፣ ያው ቁልቁለት። ከፍሬኑ በላይ በአየር ላይ ሳለ ያዝኩት። ፔዳል ሳልነካ፣ መሪውን ሳላንቅ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ መለስኩት። ጎማዎቹ ከሥሬ በረዶውን ሲነክሱት ሰማሁት፤ ጭር፣ ጭር የሚል ድምፅ። መኪናው ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ከቫኑ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው አለፈው። ቫኑም ቀና ብሎ ዳር ያዘ። ማንም አልተነካም።

ቫኑ ከመስታወቴ እስኪጠፋ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

«ጽጌ» አለኝ በቀለ በመጨረሻ። ድምፁ ሌላ ነበር። «እኔ ብሆን ፍሬን ረግጬ ነበር።»

በትዳራችን ውስጥ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ይህን የሚበልጥብኝ የለም። እያለቀስኩ ነበር የነዳሁት፤ መሪውን ግን ቀጥ አድርጌ ነው የያዝኩት።

ኦርሊኮን የገባነው ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ነው። ዙሪክ በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ መንገዱ ቡኮ ሆኗል። አዳራሹ በር ላይ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ተሰብስበው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ሕሊና ሕፃኗን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መሐላቸው ቆማለች። ፒክአፑን ስታይ ፊቷ በራ፤ ወደ እኛ ፈጠን ብላ መጣች። መጀመሪያ አባ ወረዱ፣ ሰው ሁሉ እልል አለ። ሕሊና የሹፌሩ በር ጋ ደርሳ «ጋሼ በቄ፣ መርሲ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። በሩን ከፍቼ የወረድኩት እኔ ነኝ።

አየችኝ። መኪናውን አየች። መለሰችና አየችኝ።

«እትዬ… አንቺ ነሽ የነዳሽው? ከጄኔቭ?»

«እኔ ነኝ።»

«በዚህ በረዶ?»

«በዚህ በረዶ።»

ለወሬ ጊዜ አልነበረንም። ሰዎች ሳፋውን ከእብነ በረዱ ጎን አውርደው አስገቡት። ሞቅ ያለው ውሃ ተሞልቶ ሲጸለይበት መዳቡ ወርቅ መሰለ። አባ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ ሲያጠልቋት አዳራሹን በጩኸቷ ሞላችው። ለሃያ ሁለት ዓመት ጆሮዬ ላይ የቀረው ጩኸት ነበር፤ ይህኛው ግን ሰው ሁሉ እየሳቀና እልል እያለ የሚሰማው ጩኸት ነው። ከውሃው ውስጥ እርጥቧን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ማተቧ ታሰረላት፣ ወለተ ማርያም ተባለች። አልማዝ ሆይ፣ በቦታሽ ቆሜያለሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ አንድ ቀን በደረሰባችሁ ነገር አንድን ነገር እርግፍ አድርጋችሁ የተዋችሁ፣ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። እኔ ፈሪ መሆኔን አምኜ፣ ፍርሃቴን ጥንቃቄ ብዬ ስም አውጥቼለት ስኖር ነበር። ያን ቀን የገባኝ፣ ድሮም ያጋጨኝ እጄ ሳይሆን አለማወቄና የመኪናዋ ጎማ መሆኑ ነው። በአንድ የማላውቀው ነገር ምክንያት ሃያ ሁለት ዓመት ራሴን ቀጣሁት። እናንተ በራሳችሁ ላይ እንዲህ ረጅም ቅጣት አትፍረዱ። አሁን የገበያውን ዕቃ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ በቀለ ከጎኔ ተቀምጦ ሙዚቃ ይመርጣል። የፋሲካችን ማግስት ጎማውን ልናስወልቅ ስንሄድ ሰሚራ ቁልቁለቱን ደጋግማ አስወራችኝ። ከዚያ የጋራዡ ባለቤት በደንበኞች መዝገብ ላይ ከስማችን ጎን አንድ ቃል ሲያስገባ አየሁ። ሰሚራ አነበበችልኝ፤ «ፋሲካ፣ የእነሱ» ይላል።

ለመጨረሻ ያቆየሁት ግን የእሑዱን ነው። አባ ቅዳሜ ባቡር ሲጀምር ቀድመውን ተመለሱ። እኔና በቀለ ሆሳዕናን ዙሪክ አክብረን፣ የዘንባባ ቀለበት ጣታችን ላይ አድርገን ልንመለስ ስንል ፀሐይ ወጥቷል፣ በረዶውም ቀልጧል። ሕሊና ሻንጣ ይዛ፣ ሕፃኗን ከነመኪና ወንበሯ አንጠልጥላ ወረደች። በዓሉን ጄኔቭ ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ነው፤ ባሏ ከሥራ ሲወጣ ይደርስባታል። በቀለ ወገቡ ተሽሎት ስለነበረ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ በቄ፣ አይሆንም። እርስዎ እዚያ ጋ ይቀመጡ» አለችው ሕሊና።

የሕፃኗን ወንበር ልክ ከኋላዬ አሰረችው። ሦስት ጊዜ ጎተት ጎተት አድርጋ አጠበቀችው። ከዚያ ከጎኗ ገባች፤ በስድስት ዓመቷ በዚያች ቀን የተቀመጠችበት በኩል። ቀበቶዋን አሰረች። በመስታወቱ ውስጥ ተያየን። እጄ መሪው ላይ ነው፣ ጣቴ ላይ የዘንባባው ቀለበት አለ።

«እትዬ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«ዝግጁ ነን። ንጂ።»